አባቴ «ደህና አይደለሁም» ያለ ዕለት

ዛሬ ጠዋት አባቴ «ደህና አይደለሁም» አለ። እናቴ እልል አለች። እኔ ዘለልሁ። ጎረቤቶች በራችን ላይ ተሰበሰቡና «ምን ተገኘ? ልጅቱ ማትሪክ አለፈች እንዴ?» ብለው ጠየቁ።

«አባዬ ደህና አይደለሁም አለ!» አልኋቸው።

እርስ በርሳቸው ተያዩ። አንዷ ቀስ ብላ «ወይ ጉድ፣ በሽታው ወደ ቤተሰቡ ተዛመተ» ስትል ሰማኋት። አልተቀየምኋትም። ሙያውን ገና አታውቀውም።

ሙያው አስታማሚነት ነው። ይህን የምጽፈው ለባልደረቦቼ ነው፤ በሆስፒታል ኮሪደር ካርቶን አንጥፈው ለሚያድሩ፣ ነገ ሳያስቡት ለሚቀጠሩም። ዕድሜዬ ትንሽ ነው። አሥራ አንደኛ ክፍል ነኝ። ነገር ግን በዚህ ሥራ ዕድሜ ጠይቆ የሚቀጥር የለም፤ መጻፍ እንደምችልም በቅርቡ ስለገባኝ ዝም የሚያሰኘኝ አላገኘሁም።

የመጀመሪያ የሥራ ቀኔ የጀመረው ከሆስፒታሉ ጥበቃ ጋር በመጨቃጨቅ ነው። አባቴ ጣና ላይ ጀልባ ነጂ ነው፤ ሰዉ ሁሉ «ካፒቴን አየነው» ይለዋል። ከዘንዘልማ ሲመለስ የተሳፈረበት ባጃጅ ተገልብጦ ጭንቅላቱን ተመታ። ራሱን ሳያውቅ ሰንብቶ ሲነቃ እናቴ ደክሟት ነበርና ልተካት ከትምህርት ቤት በዩኒፎርሜ መጣሁ።

«ወዴት ነሽ?» አለኝ ጥበቃው።

«አባቴ ጋ።»

«ካርድ አለሽ?»

«ልጁ ነኝ!»

«ልጅነት እዚህ አይሠራም። አንድ ታማሚ፣ አንድ አስታማሚ፣ አንድ ካርድ ነው። ልጅነትሽን ቤት ትተሽው ነይ።»

እናቴ ወጣችና የአስታማሚ ካርዱን ከአንገቷ አውልቃ አንገቴ ላይ አጠለቀችልኝ። «ዝም ብለሽ ተቀመጪ። ውኃ ካለሽ ውኃ ስጪው» ብላኝ ሄደች። ሥልጠናዬ ይኸው ነበር። ባጃጅ ለመንዳት እንኳ ከዚህ የበለጠ ይማራሉ። አባቴን የገለበጠው ልጅ ግን የኔን ያህል የተማረ አይመስለኝም።

ሙያው ማዕረግ አለው። ዋና አስታማሚ ሚስት ናት፤ ሐኪም ሲመጣ ቆማ መልስ የምትሰጠው እሷ ናት። እኔ ተራ አስታማሚ ነበርሁ። ፔርሙዙ፣ ፌስታሉ፣ ሶፍቱና የስልክ ቻርጀሩ በኔ ኃላፊነት ሥር ነበሩ። ከሁላችንም በላይ ግን ምንም የማይሠራው ጠያቂ አለ። ጠያቂ ስሙ እንደሚለው ይጠይቃል። ሙዝ ይዞ ይመጣል፣ ካመጣው ላይ አንዱን ልጦ እየበላ ታማሚውን ይፈትናል።

«አየነው! አወቅኸኝ?»

«አዎ» ይላል አባቴ።

«ማነኝ?»

አባቴ ፈገግ ይላል።

«አወቀኝ! አያችሁ? ፈገግ አለ!» ይልና ጠያቂው ደስ ብሎት ይሄዳል። ፈተናውን ያወጣው እሱ፣ ያረመው እሱ፣ ያሳለፈውም እሱ። አንድ ቀን ሌላ ሰው ሊጠይቅ የመጣ ሽማግሌ አልጋ ተሳስቶ አባቴ ፊት ቆመ። «አወቅኸኝ?» አለው። አባቴ «አዎ» አለው። ሽማግሌው እንባው መጣ። እኔ ነኝ የማይተዋወቁትን ሰዎች ያለያየሁት።

ጠያቂ ሐኪምም ነው። «እግሩ የተሰበረ የእግር ሾርባ ይጠጣል። ታዲያ ጭንቅላቱን ለተመታ ምን ይሻለዋል? ራሳችሁ አስቡት» አለችን አንዷ። እናቴ አሰበችና የበግ ጭንቅላት ቀቀለች። አባቴ መረቁን ጠጣው፤ ምንም አልሆነም። እኔ ያዘንሁት ለበጉ ነው፤ አንጎሉ ደህና የነበረው እሱ ነበር።

አባቴ ከሆስፒታል ሲወጣ ወደ ፊዚዮቴራፒ ላኩን። ባለሙያዋ ህሊና ትባላለች። ነጭ ጋዋን ስለለበሰች እናቴ «ዶክተር» አለቻት። «ዶክተር አይደለሁም፣ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ» አለች ህሊና። «እሺ ዶክተር» አለች እናቴ። ጉዳዩ በዚሁ ተዘጋ። እዚያ አባቴ በሁለት ብረቶች መካከል ይራመዳል፣ ኳስ ይቀበላል፣ ከጠረጴዛ ላይ ቆርኪ ይለቅማል። ከቀኝ በኩል ያለውን ቆርኪ አንድ ሳይቀር ይለቅምና «ጨረስሁ» ይላል። በግራ በኩል ያለው ቆርኪ እንዳለ ተቀምጧል።

ህሊና እናቴንና የኔታን አስቀመጠቻቸው። የኔታ የአባቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። የቤተ ክርስቲያን መምህር ስለሆኑ ወንድማቸው ሳይቀር «የኔታ» ነው የሚላቸው። በቤታችን የመጨረሻውን ቃል የሚናገሩት እሳቸው ናቸው።

«ሰላምታ ሲሰጣችሁ አትታለሉ» አለች ህሊና። «ሰላምታ ከልጅነቱ ጀምሮ የለመደው ስለሆነ ሳያስብ ነው የሚወጣለት። አውቶማቲክ ነው።»

«ተመስገን!» አለች እናቴ። «አውቶማቲክ ከማንዋል ይሻላል ሲሉ እሰማለሁ።»

ህሊና ሁለተኛ ጣቷን አነሣች። ከዚያ ቀጠለች። «ሁለተኛ፣ ዓይኑ ደህና ነው። ግን የተጎዳው የአንጎሉ ቀኝ ክፍል ስለሆነ በስተግራው ያለውን ነገር አይቆጥረውም። ያለ አይመስለውም። ይህ መኖሩን እሱ ራሱ አያውቅም፤ ብትጠይቁት ደህና ነኝ ይላችኋል።»

ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ እናቴ መራዊ ላለች እህቷ ደወለች። «ዓይኑ ደህና ነው ብላለች ዶክተሯ» አለቻት። አራት ነጥብ።

ያን ቀን አንድ ነገር ገባኝ። አባቴ በስተግራው ያለውን ያጣል። ቤተሰቤ ደግሞ ከዓረፍተ ነገር በስተቀኝ ያለውን ያጣል። «ግን» የሚለው ቃል ላይ ስንደርስ የሁላችን ጆሮ ይደፈናል። ባጃጁ የገለበጠው ግን አንዳችንን ብቻ ነበር።

ቤት ከገባን በኋላ አባቴ ፂሙን ራሱ ተላጨ። ቀኙን ሙልጭ አደረገው፤ ግራውን እንዳለ ተወው። ልትጠይቀው የመጣች ሴትዮ አየችውና ከንፈሯን መጠጠች። «ማን ሞቶበት ነው ፂሙን ያሳደገው?» ብላ በጆሮዬ ጠየቀችኝ።

«ማንም አልሞተበትም» አልኋት። «በግማሽ ፊቱ የሚያዝን ሰው አይተው ያውቃሉ?»

«ዘንድሮ የማይታይ ነገር አለ?» አለችኝ።

የፂሙ ነገር አሳቀን። የትሪው ነገር ግን እናቴን አስለቀሳት። እናቴና አባቴ ሁልጊዜ ከአንድ ትሪ ነው የሚበሉት፤ ከተጋቡ ጀምሮ እሷ በስተግራው ትቀመጣለች። አሁን አባቴ በቀኙ ያለውን እንጀራ ጠርጎ ይበላል፤ በእናቴ በኩል ያለውን ጫፉን አይነካም። እናቴ ጠቅልላ ልታጎርሰው እጇን ዘረጋች። አላየውም። ጉርሻው አየር ላይ ቀረ።

ጉርሻ አየር ላይ ሲቀር ምን ማለት እንደሆነ ለናንተ አልነግራችሁም።

ወጥ ቤት ውስጥ እያለቀሰች አገኘኋት። «አኩርፎኛል» አለችኝ። «ከአደጋው በፊት በማይረባ ነገር ተጨቃጭቀን ነበር። እሱን ይዞብኝ ነው። ያውና ከሰው ሁሉ ጋር ይስቃል፤ የኔን ጉርሻ ብቻ መለሰው።»

«እማዬ፣ ህሊና እኮ ግራውን አያይም...»

«ዓይኑ ደህና ነው ነው ያለችው! እኔም ነበርሁ!»

ስለዚህ ሽምግልና ተጠራ። አልቀለድሁም። የኔታ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ጭራቸውን ይዘው መጡና በሁለቱ መካከል ተቀመጡ።

«አየነው፣ ምን አስቀየመችህ?»

«ምንም፣ የኔታ።»

«ይቅር ብለሃታል?»

«አዎ።»

«ከልብህ ነው?»

«ከልቤ ነው።»

«በሉ ተሳሳሙ።»

ተሳሳሙ። የኔታ መረቁ፤ አሜን አልን። በማግስቱ ምሳ ላይ የታረቀው ባል የሚስቱን ጉርሻ እንደገና አየር ላይ ተወው። ለአንጎል ጉዳት ሽማግሌ የተቀመጠበት ቤት በባሕር ዳር የኛ ብቻ ነው ብዬ መኩራት እፈልጋለሁ። ግን አልምልም።

እስከዚህ ድረስ ቢሳቅበት ጉዳት የለውም። ከዚያ ጋሽ ታረቀኝ መጡ።

ጋሽ ታረቀኝ የአባቴ የጀልባ ማኅበር ሊቀመንበር ናቸው። ክፉ ሰው ቢሆኑ ይቀለኝ ነበር፤ ግን ደግ ናቸው። ንግሥ እየደረሰ ነበር፤ በንግሥ ቀን ምእመናኑን ወደ ደሴቱ ገዳም የሚያደርሰው አባቴ ነው። ጀልባዋ እናቶችንና ሕፃናትን ጢም አድርጋ ትጭናለች። «ቦታውን ለሌላ ከመስጠታችን በፊት ራሱን ልየው ብዬ ነው» አሉ። የኔታም ነበሩ። አባቴ ጋቢውን አስተካክሎ ተቀመጠ።

«እንዴት ሰነበትህ፣ ካፒቴን?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎስ እንዴት ሰነበቱ?»

«ደህና። ጤናህስ?»

«ክብር ምስጋና ይግባው፣ ደህና ነኝ። ቤተሰቡ ሁሉ ሰላም ነው? ልጆች ደህና?»

«ሁሉም ደህና! ለንግሡ ጀልባዋን ትይዛታለህ?»

«እይዛታለሁ።»

እናቴ እልል አለች። ጋሽ ታረቀኝ ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። «ይህ ነው ታመመ የተባለው? ከኔ የተሻለ ሰላምታ ይችላል!»

«አይችልም» አልሁ።

«ምን አልሽ አንቺ?» አለች እናቴ።

«ሰላምታ ይችላል። ጀልባ አይችልም። በግራ በኩል ያለውን አያይም። ሰው ይዞ...»

«በአባትሽ ታሟርቻለሽ?»

የኔታ ጭራቸውን አነሡ። «ልጄ፣ ሰው ሲድን ተመስገን ይባላል እንጂ ሙግት አይገጠምም። ባለቤቱ አለ አይደል? እሱን እንጠይቀው። አየነው፣ ትችላለህ?»

«እችላለሁ።»

«ታያለህ?»

«አያለሁ።»

«በቃ» አሉ የኔታ።

እንግዲህ ፍረዱ። የነበረኝ ምስክር አባቴ ብቻ ነበር፤ እሱም ከነሱ ጋር ቆመ። ሊዋሽ ፈልጎ አይደለም። አይቶ የማያውቀውን ነገር እንዴት ጠፋብኝ ይበል? ወጥ ቤት ገባሁ። ማልቀስ አምሮኝ ነበር፤ ጠዋት እናቴ የገዛችው ቀረሶ ዓሣ ግን ሳይጠበስ ተቀምጦ አየሁት።

አባቴ የቀረሶ ጥብስ ይወዳል። ከቀረሶና ከልጅህ ምረጥ ቢሉት እኔን ይመርጣል፤ ትንሽ አስቦ። ዕለቱ ፍስክ ስለነበር የኔታም ስለ ዓሣ የሚያነሡት ሙግት አልነበረም። ትልቁን ቀረሶ ከነጭንቅላቱ ጠበስሁት። ትሪው ላይ ሽሮውን በአባቴ ቀኝ፣ ዓሣውን በግራ ጥግ አደረግሁት።

«ዓሣውን ማንም እንዳይነካብኝ፤ የአባዬ ነው» አልኋቸው።

የኔታ ባረኩና ተጀመረ። አባቴ ሽሮውን በላ። በቀኙ ያለውን እንጀራ ጠረገው። ጣቶቹን አረጋገፈና «ጠገብሁ» አለ።

«ዓሣውን ለማን ትተኸው ነው?» አሉት ጋሽ ታረቀኝ።

«የቱን ዓሣ?»

ጋሽ ታረቀኝ ሳቁ። ቀልድ መስሏቸው ነበር። አባቴ ግን አልሳቀም፤ በእውነት ነበር የጠየቀው። ሳቃቸው መንገድ ላይ ቀረ።

ትሪውን ያዝሁና ቀስ አድርጌ አዞርሁት። ቀረሶው ከግራ ተነሥቶ እንደ ጀልባ ታጠፈና በቀኙ በኩል ደረሰ። የአባቴ ፊት በራ።

«ቀረሶ! እኔስ ዓሣ ዓሣ ይሸተኛል ብዬ! አሁን ነው ያመጣሽው?»

የጋሽ ታረቀኝ ጉርሻ እጃቸው ላይ ቀረ። አባቴ ዓሣውን መብላት ጀመረ።

የኔታ ለብዙ ጊዜ አዩት። ከዚያ ቀስ ብለው ተናገሩ። «እኔ ዘንድ የሚማር ሕፃን ዳዊቱን በቃሉ ይወጣዋል። አንዲት ቃል አይስትም። ይህ ምን ማለት ነው ብትለው ግን አያውቅም፤ ንባቡን ይዟል፣ ትርጓሜው ገና ነው።» ወደ አባቴ አመለከቱ። «ሰላምታው ንባብ ነበር። እኛ ትርጓሜ መስሎን እልል አልን።»

ህሊና «አውቶማቲክ» ብላ ልታስገባላቸው ያልቻለችውን ነገር የኔታ በራሳቸው ቃል ሲናገሩት ገባቸው። ከዚያን ቀን ወዲህ ለመጣው ሁሉ ራሳቸው ያገኙት አድርገው ያስተምሩታል። ያስተምሩ። ዓሣውን የጠበስሁት ግን እኔ ነኝ።

«ታረቀኝ» አሉ የኔታ። «ፊቱ የተቀመጠ ዓሣ የተሰወረበት ሰው፣ ውኃ ውስጥ የተሰወረ ድንጋይ ያያል?»

«አያይም፣ የኔታ።»

«እንግዲያ ጀልባዋን ሌላ ይያዛት።»

እናቴ በሩ ሥር ቆማ ነበር። «እና ጉርሻዬን...?» አለች።

«አላየውም እማዬ። አላኮረፈሽም።»

መጥታ በስተግራው ተቀመጠች። ከዓሣው ቆርሳ እሾሁን ለቀመችለት። ህሊና እንዳሳየችን ግራ ጉንጩን ነካችውና «አየነው፣ በዚህ በኩል ነኝ» አለችው። አንገቱ ዘወር አለ። አፉን ከፈተ። ጉርሻው ገባ። እናቴ እየሳቀች አለቀሰች፤ የኔታም በዚያ ሽምግልና የመረቁትን ምርቃት መልሱልኝ አላሉም።

አሁን ሁሉም ነገር ተስተካከለ ብላችሁ እንዳታስቡ። አባቴ ጀልባዋ ለሌላ መሰጠቷን ሲሰማ ትሪውን ገፋው። «እችላለሁ እያልኋችሁ! ጤነኛውን ሰው በሽተኛ አደረጋችሁት!» ብሎ ጮኸ። ከዚያ ዘጋን። ይህኛው እውነተኛ ኩርፊያ ነበር፤ በግራም በቀኝም አኮረፈን። ንግሥ ዕለት ጀልባዋ ስትሄድ ከሐይቁ ዳር ሆኖ አያት። ያን ቀን አልሳቅሁም።

ከዚያ ሥራ ጀመርን። ህሊና ባለችን መሠረት በትሪው ግራ ጠርዝ ላይ ቀይ ፕላስተር ለጠፍሁ። አሠራሩ ቀላል ነው። ከመጉረሱ በፊት «ቀዩን ፈልግ» ይባላል፤ አንገቱን አዙሮ ቀዩን ሲያገኝ በመካከል ያለውን ሁሉ ያያል። መስተዋቱም ላይ ቀይ ለጠፍሁ፤ ፂሙ ከሐዘን ወጣ። በሐይቁ ዳር ስንራመድ እኔ በስተግራው እሄዳለሁ፤ እሱ ከዛፍ ጋር ይጋጫል፣ እኔን ይቆጣል። «ቀዩን ፈልግ፣ ቀዩን ፈልግ! ልጅ ነው የወለድሁት ወይስ የትራፊክ መብራት?» ይለኛል። ደክሞት ሲተኛ ጠያቂ «ሰነፈ» ይላል። ሙዙን ተቀብዬ እሸኘዋለሁ። በማዕረግም አድጌያለሁ፤ አሁን ጠያቂ አስወጣለሁ።

ዛሬ ጠዋት ጋሽ ታረቀኝ መጡና ማንም ሳይነግራቸው በስተግራው ተቀመጡ። «እንዴት አደርህ፣ አየነው?» አሉት።

«እግዚአብሔር ይመስገን» እስኪል ጠበቅሁ። አላለም። ጋሽ ታረቀኝ ሊደግሙት ሲሉ እጄን ዘርግቼ አገድኋቸው፤ አንድ ተማሪ ሊቀመንበር ሲያስቆም ማየት ነበረባችሁ። አባቴ አንገቱን ቀስ አድርጎ ወደ ግራ አዞረ። ፈለጋቸው። አገኛቸው።

«ደህና አይደለሁም፣ ጋሼ» አለ። «በዚህ በኩል ያለው ነገር ይጠፋብኛል። ጀልባዋን ለጊዜው የማኅበሩ ልጆች ይያዟት።»

እልልታው የዚህ ነው። ለህሊና ደወልሁላት፤ እሷም ጮኸች። «ራሱ ካወቀው ከእንግዲህ ከኛ ጋር ይሠራል» አለችኝ። ጀልባዋን ተመልሶ ይይዛታል ወይ ብዬ ጠየቅኋት። «አላውቅም» አለች። ይህንንም ለእናቴ ነገርኋት፤ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

ከሥራው የተማርሁት ይህን ነው፦ ሰላምታ ምርመራ አይደለም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አባቴና እኔ ሐይቁ ዳር፣ ጀልባዎቹ ከሚቆሙበት አጠገብ እንቀመጣለን። ኑ። ሙዝ አታምጡ፣ ሞልቶናል። «አወቅኸኝ?» አትበሉት፤ ስማችሁን ንገሩት። «ደህና ነህ?» አትበሉት፤ ትናንት ምን እንደበላ ጠይቁትና ጠብቁ። በስተግራው ተቀመጡ። መጀመሪያ አያያችሁም። አትቀየሙ፤ ይዞራል።